ጉብኝት ወይስ ሩጫ?

የፊታችን ቅዳሜ ማኅበራችን የዘንድሮውን የአዲስ አበባ ጉብኝት ጉዳይ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ እንደሚያቀርብ በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አንብበናል። ነገሩ ለብዙዎቻችን አዲስ አይደለም፤ መዋጮ ይከፈላል፣ አውቶቡስ ይከራያል፣ በዋና ከተማችን ሁለት ቀን ይዋላል፣ ከዚያም እየዘፈንን እንመለሳለን። እኔም አምና ከሄዱት አንዱ ስለ ነበርሁ፣ ስብሰባው ከመድረሱ በፊት የታዘብሁትን ለተማሪዎች ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንዲሁም ለመምህሮቻችን ላቀርብ ወደድሁ። ቃሌ የመረራችሁ እንደ ሆነ ከቅንነት የመጣ መሆኑን አስቀድሜ እናገራለሁ።

አምና በሁለት ቀን 11 ቦታ አይተናል። «አይተናል» ማለቴ እንኳ ስሕተት ነው፤ 11 ቦታ ደርሰን ተመልሰናል። በዝርዝሩ ላይ ብሔራዊ ሙዚየም ነበረ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ነበረ፣ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት፣ የየካቲት 12 ሐውልት፣ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው የአንድነት ፓርክ፣ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ እንጦጦም ሳይቀር ነበረ። በየበሩ አስተባባሪያችን እጁን ወደ ላይ አንሥቶ «ሃያ ደቂቃ!» ይላል። ከሃያው ደቂቃ አሥራ አምስቱ በፎቶግራፍ መነሣት ያልቃል፤ አምስቱ ደግሞ የጠፋ ሰው በመፈለግ። ስንመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ አንድ ጓደኛችን ድንቅነሽ በየትኛው ንጉሥ ዘመን እንደ ነበረች ጠየቀ። ሳቅን። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት፣ በ1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር ሐዳር በተባለው ቦታ የተገኘች፣ ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ የተሰበሰበላት ፍጡር መሆኗን ከሳቅነው መካከል ስንቱ ያውቅ እንደ ነበር ግን እግዚአብሔር ይወቀው። እኔ ራሴ ዓመተ ምሕረቱን ያወቅሁት ከዚያ ወዲህ አንብቤ ነው። ያ ጓደኛችን ቢያንስ ጠየቀ፤ እኛ መሳቃችን ነው የሚያሳፍረው።

ይህን ሁሉ ሳላስብበት እተወው ነበር። ያሳሰበኝ የአጎቴ መምጣት ነው።

እኔ የዋጃ ልጅ ነኝ። ዋጃን ለማታውቁ፣ ከወልድያ ወደ መቀሌ የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ ቆቦን ካለፋችሁ በኋላ፣ አላማጣ ሳትደርሱ፣ በራያ ቆላ ሜዳ ላይ የምታገኟት ትንሽ ከተማ ናት። አብዛኛው መንገደኛ የሚያያት በመኪና መስኮት ነው፤ ዓይኑም ከፊት ለፊቱ ካለው ተራራ፣ ወደ ኮረም ከሚያወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ስለሚያርፍ እኛን ሳያየን ያልፋል። አጎቴ በዚያ ማሽላ ሲያርስ የኖረ ሰው ነው። ባለፈው ክረምት ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ዕረፍት ላይ ስለ ነበርሁ ያስታመምሁት እኔ ነበርሁ። ሐኪሙ «ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስ» ባለው ጊዜ አጎቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሦስት ቀን ተጋድሜ ጣራ አልቆጥርም፤ ይህን የምታወሩለትን ከተማ አሳየኝ» አለኝ።

እኔም እንደ አስተባባሪያችን ዝርዝር አወጣሁ። በመጀመሪያው ቀን ገና በሁለተኛው ቦታ ላይ ዝርዝሬ ፈረሰ።

ስድስት ኪሎ ከየካቲት 12 ሐውልት ፊት ነበር። አጎቴ ፊደል አልቆጠረም። ነገር ግን በሐውልቱ ዙሪያ የተቀረጹትን ምስሎች፣ የሚገደሉትን፣ የሚጎተቱትን፣ የሚያለቅሱትን፣ አንድ በአንድ እያየ ዞረ፤ ዞሮም ሲጨርስ እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመረ። እኔ የማውቀውን ነገርሁት፤ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚያው ፊት ለፊት በሚታየው ግቢ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት መሆኑን፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ የአዲስ አበባ ሕዝብ በየቤቱና በየመንገዱ እንደ ተፈጀ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30 ሺህ ያህል ብሎ እንደ ነበር። ሰምቶ ዝም አለ። ቆይቶም፣ «ስማቸውስ የት ተጽፏል?» ሲል ጠየቀኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። በእኛ አገር ለሞተ ሰው ተዝካር ሲወጣ ስሙ ይጠራል፤ ስሙ ያልተጠራ ሙት ለአጎቴ ገና አልተቀበረም። አምና እኔ በዚያው ቦታ ቆሜ ሁለት ጣቴን እንደ ቀስት ዘርግቼ ፎቶግራፍ ተነሥቻለሁ። ፎቶግራፉ እስከ ዛሬ አለ፤ ለማንም ለማሳየት ግን አልደፍርም።

ከዚያ ወደ ግቢው ገባን። በገነተ ልዑል ፊት ለፊት ወዴትም የማያደርስ ደረጃ አለ። አጎቴ ቀና ብሎ አየውና፣ «ይህን የሠራው ሰው ቤቱን መሥራት ረስቶ ነው?» አለኝ። ደረጃውን ጣሊያኖች እንደ ሠሩት፣ እያንዳንዱ እርከን ፋሽስቶች በ1915 ዓ.ም. በሮም ሥልጣን ከያዙበት ጊዜ ጀምሮ የገዙበትን አንድ ዓመት እንደሚቆጥር፣ ከድል በኋላ ደግሞ በመጨረሻው እርከን ላይ የይሁዳ አንበሳ እንደ ተቀመጠበት ነገርሁት። አጎቴ ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀ፤ ሆዱን ይዞ። «አላፈረሱትም! ዘመኑን ቆጥሮ ሲጨርስ አንበሳ ደረቱ ላይ ተቀመጠበት!» እያለ ለሚያልፈው ሁሉ ሊያስረዳ ቃጣው። በዚያ ቀን ሌላ ቦታ አልሄድንም። አላስፈለገም።

በማግሥቱ የሆነው ግን ደስ አይልም። የቦታውን ስም አልጠራም፤ ካሉት የከተማይቱ ሙዚየሞችና ማሳያ ቤቶች በአንዱ ውስጥ ነው። የባላገር ዕቃዎች በመስታወት ውስጥ ተደርድረው ነበር፤ የእንጨት ትራስ፣ ጋን፣ ሞፈርና ቀንበር፣ ወንጭፍ። አጎቴ በአንዱ መስታወት ፊት ቆሞ ወንጭፉን ሲመለከት፣ «ይህ ምን አደረገና አሰሩት?» አለ። ቀጥሎም ወንጭፉ ተገልብጦ እንደ ተሰቀለ፣ ጣት የሚገባበት ወገን የትኛው እንደ ሆነ በእጁ ያሳየኝ ጀመር። በዚህ ጊዜ ከጎብኚዎቹ መካከል የአገራችን ልጆች የሆኑ ሁለት ወጣቶች ሽርጡንና ዱላውን አይተው፣ ሳይጠይቁት፣ ከመስታወቱ ጎን እንደ ቆመ ፎቶግራፍ አነሡት። ቁልል ብለው አዩት እንጂ አላናገሩትም። አጎቴ አልተቆጣም፤ «እኔንም ከዕቃው ጋር ቆጠሩኝ መሰለኝ» ብሎ ወደ በሩ ሄደ። ወንጭፉ መገልበጡን የሚያውቅ ሰው በዚያ ቤት ውስጥ እሱ ብቻ ነበር፤ አንድም ሰው አልጠየቀውም።

ይህን ለአንድ ጓደኛዬ ጻፍሁለት። ከዋጃ ጀምሮ አብረን የተማርን፣ ዛሬ በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም ለትምህርት ያለ ልጅ ነው። መልሱ ረጅም ነበር፤ ዋናውን ብቻ አቀርባለሁ፤ ለክርክሬ ይጠቅመኛልና።

በስቶክሆልም ዩርጎርደን በተባለ ደሴት ላይ ስካንሰን የሚባል ሜዳማ ሙዚየም አለ። አርቱር ሃሴሊየስ የሚባል ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1891 ከፈተው። ያን ጊዜ ፋብሪካው ገበሬውን ከየመንደሩ እየሳበ፣ የጥንቱ ቤትና ልብስ በአንድ ትውልድ ሊጠፋ ደርሶ ነበርና፣ ሰውየው ከደቡብ እስከ ሰሜን ከየአውራጃው የገበሬ ቤቶችን እያስፈረሰ፣ ግንዱን በቁጥር እያስጻፈ፣ በዋና ከተማው ኮረብታ ላይ መልሶ አስተከላቸው። ዛሬ ከ150 የሚበልጡ ቤቶች አሉ፤ ከአንድ መንደር ተነሥቶ የመጣ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር። በቤቶቹ ውስጥ የዘመኑን ልብስ የለበሱ ሠራተኞች ዳቦ ይጋግራሉ፣ ይፈትላሉ፣ የጠየቃቸውንም ይመልሳሉ። ጓደኛዬ አንዲት ጋጋሪ ጠጋ ብሎ የእናቱን ምጣድ ነገር ሲያጫውታት ግማሽ ቀን ዋለ። ነገር ግን ይኸው ቦታ ሌላም ታሪክ አለው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሰሜን ስዊድን የሚኖሩት የሳሚ ሕዝብ ቤተሰቦች ከነድንኳናቸውና ከነአጋዘናቸው በዚያ ተቀምጠው ለከተማው ሰው ይታዩ ነበር። አጎቴ በመስታወቱ ጎን የደረሰበት ነገር እንግዲህ የእኛ ብቻ ጥፋት አይደለም ማለት ነው። ባላገርን ለማክበር የተነሣ ሥራ ባላገርን ወደ ዕቃ ሊለውጠው የሚችል መሆኑን በዚህ አየሁ።

ከስካንሰን ብዙ ሳይርቅ ደግሞ የቫሳ መርከብ ሙዚየም አለ። ቫሳ በንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ ትእዛዝ የተሠራ፣ 64 መድፍ የተሸከመ የጦር መርከብ ነበር። በ1628 ከወደቡ ተነሥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጓዝ፣ 1,300 ሜትር ያህል እንደ ሄደ ነፋስ ገፋ አደረገውና፣ ለሽኝት የወጣው ሕዝብ እያየው ሰጠመ። ላይኛው ክፍሉ ከብዶ፣ ሆዱ ጠብቦ ነበር። ፍርድ ቤት ተቀምጦ ጥፋተኛ ቢፈለግ ማንም አልተቀጣም። በ1956 የሰጠመበት ቦታ ተገኘ፣ በ1961 ከባሕር ወጣ፣ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ 17 ዓመት መድኃኒት ሲረጭ ኖረ፣ ሙዚየሙም በ1990 ተከፈተ። ከተማይቱን ለማየት የሚሄድ እንግዳ ሁሉ በቅድሚያ የሚያየው ይህን ነው። ጓደኛዬን ያስደነቀው የመርከቡ ትልቅነት አልነበረም። «ወንድሜ፣ እነዚህ ሰዎች ውርደታቸውን ቤት ሠርተውለት፣ ቲኬት ቆርጠውበት ያሳያሉ» ሲል ጻፈልኝ።

እኔም ደብዳቤውን አንብቤ አምና ያየናቸውን 11 ቦታዎች አሰብሁ። ወይ ድል ነበሩ፣ ወይ ጠላት ያደረሰብን ግፍ። እኛው ራሳችን የተሳሳትንበት፣ እኛው በእኛው ላይ ያደረግነው ነገር በሄድንበት ሁሉ አላጋጠመኝም፤ ኖሮም ከሆነ በሃያ ደቂቃ አላገኘሁትም።

ምሳሌውን ከራሴ አገር ልስጥ፤ የሌላውን ጓዳ ከመክፈት የራስን መክፈት ይሻላልና። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ከተደረገው ጦርነት በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ሲያፈገፍግ፣ በሐሸንጌ ሐይቅ አካባቢ ከላይ አውሮፕላን ቦምብና የመርዝ ጋዝ ሲያዘንብበት፣ ከጎን ደግሞ ከራያና ከአዘቦ የተነሡ ተዋጊዎች ወግተውታል። ይህ ነውር ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን ለምን ሆነ ብሎ የጠየቀ ተማሪ፣ ጣሊያን ገንዘብና ጠመንጃ አድሎ እንደ ነበር ያገኛል፤ ከዚያም ወደ ኋላ ሄዶ ከ1920 እስከ 1922 ዓ.ም. በራያና በአዘቦ የተነሣውን ዐመፅ፣ እሱን ለማብረድ የዘመተውንም ጦር ያገኛል። ከድልም በኋላ በ1935 ዓ.ም. ያ አገር እንደ ገና ሸፍቷል። አገሬውም ቢሆን ሁሉ አንድ ልብ አልነበረም። ሽማግሌዎቻችን ይህን ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እኛ ልጆቹ ደግሞ ሰምተን እንዳልሰማን ሆነን ትምህርት ቤት ገብተን ስለ ማይጨው ፈተና ተፈትነናል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ጦርነት በዚያው ቆላ ላይ ሲመላለስ፣ ያልተነገረ ታሪክ እንደ ገና ዕዳ ሆኖ እንደሚመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ታዲያ አንድ ቀን ዋጃ ወይም ቆቦ ላይ ይህን ሁሉ ሳይሸሽግ፣ ሳይሳደብም የሚናገር አንዲት ክፍል ቤት ብትሠራ፣ ከቫሳ ትንሳለችን?

አንዳንድ ሰዎች «ወዳጄ፣ ተማሪ ዓመት ሙሉ ደክሞ ሁለት ቀን ቢዝናና ምን አለበት? አንተ የዕረፍት ጉዞውን ለቅሶ ቤት ልታደርገው ነው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። መዝናናት አልጠላም። አጎቴ ከደረጃው ፊት የሳቀውን ሳቅ በአምናው አውቶቡስ ውስጥ አልሰማሁም፤ እሱ ግን የሳቀው ነገሩ ስለ ገባው ነው። ሌሎች ደግሞ ጉብኝቱ ጨርሶ ቀርቶ ገንዘቡ ለሌላ ጉዳይ ይዋል ይላሉ። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ከመካከላችን ዋና ከተማውን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያይ የሚመረቅ ብዙ ነው፤ ጉዞው ቢቀር የሚጎዳው ዘመድ አዲስ አበባ ያለው ሳይሆን የሌለው ነው። አምናም ቢሆን መዋጮውን መክፈል አቅቷቸው በመኝታ ቤት የቀሩ ነበሩ፤ ከብሎካችን ብቻ አራት አውቃለሁ። እኛ እየዘፈንን ስንመለስ በሩን የከፈቱልን እነርሱ ነበሩ።

የቀድሞ ሰዎቻችን እንኳ ለማየት ሲሄዱ ጥያቄ ይዘው ነበር። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. አውሮፓን ሲጎበኙ ስዊድንንም አይተዋል፤ ከዚያም ወዲህ ከስዊድን ጋር የተጀመረው ወዳጅነት በ1947 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ሥራ ትምህርት ቤት እስከ ማቆም ደርሷል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ጃፓን ደርሰው በመጡ ጊዜ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ በ1924 ዓ.ም. አሳትመዋል። ማየት ማለት ለቀረው ሰው ይዞ መመለስ ነበር። እኛ ይዘን የተመለስነው የራሳችንን ፊት ነው፤ ከኋላው ሐውልት ያለበት።

እንግዲህ ቅዳሜ በስብሰባው ላይ የምጠይቀው ይህ ነው። 11 የነበረው ቦታ ሦስት ይሁን፤ ሦስተኛው እንኳ ቢቀር አልከራከርም። ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት ከታሪክ መምህሮቻችን አንዱ ስለነዚያ ቦታዎች አንድ ምሽት እንዲያነጋግሩን ይለመኑ፤ እንቢ የሚሉ አይመስለኝም። የመክፈል አቅም የሌለው ተማሪ መዋጮ ከማኅበሩ ሣጥን ይሸፈን፤ ለዚህ ሲባል የመጨረሻው ቀን የሆቴል ግብዣ ቢቀር በበኩሌ በዳቦና በሻይ እስማማለሁ። የማያውቁትን ሰው ፎቶግራፍ ሳያስፈቅዱ ማንሣት በጉዞው ደንብ ይከልከል። የመጨረሻው ጥያቄዬ ግን ከጉዞው በፊት ሊጀመር የሚችል ነው። ከየገጠሩና ከየትንሹ ከተማ የመጣን ተማሪዎች እያንዳንዳችን ስለ አገራችን አንድ ነገር፣ አንድ ገጽ ጽፈን ለዚህች ጋዜጣ እንስጥ። የሌላውን ሐውልት ለማየት የሚሄድ ሰው በደጁ ያለውን ማየት አስቀድሞ ይለማመድ።

ይህን የመጨረሻውን ሐሳብ ያገኘሁት ከስቶክሆልሙ ጓደኛዬ ነው። በደብዳቤው መጨረሻ ላይ «ከዋጃ አንድ ነገር ተነሥቶ ወደ ስካንሰን ይምጣ ቢባል ምን ትሰጥ ነበር?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ሁለት ሳምንት መልስ አጣሁ። ሃያ ዓመት የኖርሁባትን ከተማ እንደሚታይ ነገር አይቻት አላውቅም ነበርና። የነሐሴን ሶለል አሰብሁ፤ ልጃገረዶቹ ከነዘፈናቸው ካልመጡ ግን ሶለል ምንድን ነው? ደም የተቃቡትን የሚያስታርቁትን ዘወልዶች አሰብሁ፤ ሽማግሌ ደግሞ በመርከብ አይጫንም። በመጨረሻ የመረጥሁት ማማን ነው። ማሽላው ሲያሽት ከእርሻው መካከል በአራት እንጨት ላይ የሚቆመውን፣ ልጅ ሆኜ ከንጋት እስከ ማታ በላዩ ቆሜ ወንጭፍ እያስጮኽሁ ወፍ የጠበቅሁበትን ማማ። እንዴት እንደሚተከል በትክክል ስለማላውቅ ለአጎቴ ስልክ ደወልሁ። ከአራቱ እንጨት የትኛው አስቀድሞ እንደሚቆም፣ መወጣጫው በየትኛው ወገን እንደሚሆን፣ ለምንስ እንደዚያ እንደሚሆን ከግማሽ ሰዓት በላይ ነገረኝ፤ ሒሳቡ ከእኔ ስልክ ነው። ወንጭፉ እንዴት እንደሚያዝም ጨምሬ ጽፌዋለሁ። ገጹ ከዚህ ጽሑፍ ጋር ለአዘጋጆቹ ተሰጥቷል፤ ቦታ ካለ በሚቀጥለው ቁጥር ያወጡታል።